ቤት ሳይመታ

ደላላዋ ደወለች። «እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው» አለች።
«አራት ገዢ አለ፤ ሦስቱ ያለ ምርመራ ፈርመዋል» ጨመረች፤
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሽተኛ የምትጠይቅ ይመስል፦
«እናንተ መርማሪ ካላችሁ ግን፣ ቤቱ ከእጃችሁ ይሾልካል።»

ቢጫ ቤት ነው፤ ከሉነንበርግ ወደብ በላይ፣ ቁልቁለት ላይ የቆመ፣
ከመቶ ዓመት ዝናብ ጋር እየታገለ የከረመ።
የሠራው ሰው ከመርከብ በቀር ሌላ ሠርቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤
ኮርኒሱ እንደ ታንኳ ሆድ ጎበጥ ብሏል፤
መስኮቱ ሁሉ ወደ ባሕር።

ስድስት መቶ ዶላር ነው የመርማሪው የፐርሲ ዋጋ።
ለእኔ፣ በማመላለሻው ጀልባ ላይ የሦስት ቀን ገመድ ጉተታ፤
ለሆርተንስ፣ የአምስት ፒያኖ ቅኝት።
ገንዘቡ አልነበረም ያስጨነቀን፤
ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱና ባሕሩ።

ሚስቴ ፒያኖ ቃኚ ናት። ሰው ቤት ገብታ ክዳን ትከፍታለች፤
አንድ ቁልፍ ትመታና፣ ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች።
«ይሄኛው ርጥበት ጠጥቷል» ትላለች፤ «ይሄኛውን ልጅ በቡጢ ነርቶታል።»
ባለቤቶቹ ይደነግጣሉ፤ ማን ነገራት ይላሉ።

እሁድ ቤቱን ልናይ ስንገባ ሃያ ደቂቃ ተሰጠን።
ምድጃው ላይ ፖም ከቀረፋ ጋር ይንፈቀፈቃል፤ ሽታው ተቀበለን።
«ይሄ ሁሉ ፖም ምን ሊሸፍን ነው?» አለችኝ ሆርተንስ በጆሮዬ።
እኔ የት ነበርኩ? መስኮቱ ጋ። አልጋዬን አንጥፌ፣
ጫማዬን በሩ ሥር አውልቄ፣ እዚያው አርጅቼ።

እሷ ተንበረከከች። ግድግዳውን በጣቷ አንጓ መታች፤
ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለች።
ኳ፣ ኳ። ከዚያ፦ ዱም።
እሷ ምንም አላለች፤ እኔም ምንም።

ግጥም ላይ ቤት ሲመታ፣ ጆሮ ያርፋል።
እዚህ ቤት ሲመታ፣ እንቅልፍ ይጠፋል።

ማታ፣ ኪራይ ቤታችን ውስጥ፣ ወረቀቱ በሁለታችን መካከል።
«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» አልኳት፤ ልቤ ቸኩሏል።
«ርጥቡንማ ሰማሁት» አለች።

ያኔ ተናደድኩ። «እኔና አንቺን ማን መረመረን?» አልኩ።
«አባቴን በአርባ ስምንቱ የጣለውን ልብ፣
ያን ሁሉ ክረምት አፌን ዘግቼ የምከርመውን፣
ማን በባትሪ አይቶ ፈረመልሽ?»

«እኔ» አለች።
«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳዳምጥህ ነበር፤
የቱ ጋ ዱም እንደምትል አውቃለሁ።
አውቄ ነው የገባሁት፣ ኤልዊን።
ሳላውቅ ብገባ ኖሮ፣ ይሄኔ ወጥቻለሁ።»

ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር።
«ከምርመራ በኋላ» የምትለዋን መስመር
በገዛ እጄ ጻፍኳት።
ሦስት ከአሥር ላይ ደላላዋ ደወለች። ስታዝን አላውቃትም፣
አዘነች። ቤቱ ሄደ።

ሚያዝያ ላይ በዚያ በኩል አለፍን። ሰሜኑ ግድግዳ ተገሽልጧል፤
የጠቆረ፣ እንደ እርጥብ ዳቦ የሚፈረፈር ወራጅ ሣሩ ላይ ተጥሏል።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።
አዲሶቹ ባለቤቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው አቧራ፣
ከአንድ ወረቀት ቋንጣ ዓሣ እየተቃመሱ ይስቃሉ።
ከኋላቸው ያ መስኮት። ያ ባሕር።

ልሂድ ስል ሆርተንስ እጄን ያዘችኝ።
ውስጥ አንድ አናጢ አዲሱን እንጨት ይመታል፤
ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ዐይኗን ጨፍና ቆየች፣ ሰው ቤት እንደምትሆነው።
«አሁን ተቃኘ» አለች፤
የሌላ ሰው ቤት።